በእጅ ሲይዙት የሚነጣ ውሃ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመምህር ብዙነህ፣ ሀቢቾ

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ሚክያስስ እንዴት ነው? እኔ ከላቦራቶሪው ብርድና ከእንቅልፍ ማጣት በቀር ደህና ነኝ፤ ጌታ ይመስገን። ለመስቀል ሳልመጣ በመቅረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ነሐሴ ላይ ሆስፒታል ከሚክያስ አጠገብ ሁለት ሳምንት ስቀመጥ ያቋረጥኩት ሥራ እስካሁን አልተካካሰም። በስልክ ብንነጋገር ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር፤ ግን እርስዎ አይሰሙ፣ ወንድሜ ደግሞ ከዚያ ቃጠሎ ጭስ ወዲህ ድምፅ የለው፤ በወረቀት ካልሆነ በምን እንገናኝ?

ጁነዲን ደብዳቤዎን ትናንት አመጣልኝ። ሳልከፍተው በፊት "አባትሽ ተቆጥተዋል፤ የላክሽው መድኃኒት መንገድ ላይ ተበላሽቷል" አለኝ። ሆሳዕና መናኸሪያ ላይ ብልቃጡን ሊደፉት ሲሉ እጅዎን ይዞ እንዳስጣለዎትም ነገረኝ። የአውቶቡስ ረዳት ሆኖ ከአንድ የኬሚስትሪ መምህር ጋር መታገሉን እንደ ጀብዱ ነው የሚያወራው።

አይድፉት፣ አባባ። አልተበላሸም። ደግሞም መድኃኒት አይደለም፤ ይህን ለጁነዲንም ለሚክያስም ይንገሩልኝ። ሚክያስ "አንቺ ግን እዚያ ምንድን ነው የምትሠሪው?" ብሎ ስለጻፈልኝ፣ ከማወራው ይየው ብዬ ነው የላክሁት። ውሃ ውስጥ የሟሟ ፖሊመር ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ምንጭ ውሃ ይጠራል። ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን በአንዴ እንደ ወተት ይነጣል። ጁነዲን ከሞተሩ አጠገብ ስላስቀመጠው ነው ነጥቶ የደረሰዎት። እንስራው ሥር ያኑሩት፤ ይጠራል። ከዚያ ሚክያስ በእጁ ይጨብጠው፤ ይነጣል። መልሰው ያቀዝቅዙት፤ እንደገና ይጠራል። ሺህ ጊዜ ቢያመላልሱት አይሰለቸውም።

የመጨረሻው ሐሳብ ፋሻ ነው። ቁስል ላይ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ በገላ ሙቀት ይረጋና እንደ ቆዳ ይሸፍናል። ማንሳት ሲያስፈልግ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል፤ ራሱ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ምንም አይልጥም። ይህን ሥራ የጀመርኩት ሚክያስ ሳይቃጠል በፊት ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

ልጅዎ አቢጋኤል


ሀቢቾ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አቢጋኤል፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ሙሉ ነኝ። ብልቃጥሽ እንስራው ሥር አድሮ ሳይሆን ገና ተቀምጦ ሳይደላደል ጠራ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይኔን አልነቀልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ አስተምሬ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አፌን ከፍቼ ብቀመጥ ሚክያስ ሳቀብኝ። የሚስቀው በትከሻው ነው። እኔ አልሰማ፣ እሱ አይናገር፤ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደኛ የተስማማ ሰው የለም።

አሁን ጥያቄ አለኝ። ስኳር ውሃው ሲሞቅ በደንብ ይሟሟል። ይህ ያንቺ ጉድ ሲሞቅ ከውሃ የሚጣላው ለምንድን ነው? ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ልታፈርሺብኝ ነው? በሚገባ መልሺ። ደግሞ እንደ ድሮው ነው፤ ያየሽውን ጻፊ እንጂ የተመኘሽውን አትጻፊ።

የባጃጅ ጓደኞቹ በየእሑዱ ከሆሳዕና እየመጡ ብልቃጥሽን መጫወቻ አድርገውታል። ማን ቶሎ ያነጣዋል ብለው ይወራረዳሉ። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሚክያስ ነው። እጁ ትኩስ ነው።

ሚክያስ እንዴት ነው ብለሽኛል። ሲስተር ሰብሌ በየሁለት ቀኑ ከጤና ጣቢያ እየመጣች ፋሻውን ትቀይራለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ እጇ ቀላል ነው። ስለዚያ ሰዓት ግን አልጽፍልሽም። ከፋሻው ሥር ያለው ስስ ጨርቅ፣ ጎዙ፣ ከጭኑ ሥጋ ጋር ይጣበቃል፤ ይህን ብቻ ልበልሽ። በከንፈሩ በሀድይኛ ይጸልያል። ሰብሌ ቋንቋው አይገባትም፤ እኔ ግን ከከንፈሩ አነበዋለሁ። ከዚያ ጸሎቱ ያልቅና አፉ ብቻ ይከፈታል።

ካንቺ ደብዳቤ በኋላ አንድ ነገር እያሰብኩ ነው። የላክሽው ብልቃጥ ትንሽ ነው። ብዙ መላክ ይቻላል? በጀሪካንም ቢሆን ጁነዲን ያመጣዋል። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።

አባትሽ ብዙነህ

እቴ አቢ፣ አባባ ሻይ ሊያፈሉ ሲነሱ ከሥር ልጨምርበት። ማደያ ላይ ነዳጅ ጠፍቶ በሃይላንድ ገዝቼ የሞላሁት ቤንዚን ተቀጣጥሎ ባጃጄን፣ ስልኬንና ድምፄን ወሰደ፤ ወሬዬን ግን አልወሰደውም። ትምህርት ያቆምኩ ጊዜ አባባ "የእሳት ልጅ አመድ" እያሉ ይሰድቡኝ አልነበር? አሁን ተረቷ ምላሳቸው ላይ ትመጣና ይውጧታል። እኔ ደግሞ አይቼ እስቃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ይህ ውሃሽ እኔ ጋ የሚደርሰው መቼ ነው? ለፋሲካ ይደርሳል? ቀን ስጪኝ። ቀን ያለውን ነገር እችለዋለሁ። ሚክያስ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ለመዘግየቴ ይቅርታ። ደብዳቤውን ጀምሬ የተውኩት ብዙ ጊዜ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ፖሊመሩ ረጅም ክር ነው። ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው በክሩ ዙሪያ ተሰልፎ ይይዘዋል፤ ክሩም ተዘርግቶ ይዋኛል። ሲሞቅ ውሃው ሰልፉን ያፈርሳል፤ ይለቀዋል። ያኔ ክሩ በራሱ ላይ ይኮማተራል፤ ከሌሎቹ ጋር ይከማቻል፤ ብርሃን አያሳልፍምና ነጭ ሆኖ ይታየናል። ስለዚህ ያስተማሩት አልፈረሰም፤ ይህኛው ዐመለኛ ነው።

ክሩ ብቻውን ከሆነ ደግሞ ነጥቶ አይቆምም። እንደ ተበላሸ ወተት ይጓጉልና ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ እርስዎ ጓሮ አቮካዶውን እንዳዳቀሉት፣ እኛም በዋናው ክር ላይ ሌላ ዓይነት አጫጭር ክሮች እናዳቅልበታለን። እነሱ ሙቀት አያስቆጣቸውም፤ ውሃን አይለቁም። ዋናው ሲኮማተር እነሱ ውጭ ቀርተው ይደግፉታል። ታዲያ ሲበዙ በሰው ገላ ሙቀት መንጣቱ ይቀራል፤ ሲያንሱ ይጓጉላል። እኔ የምፈልገው ልኩን ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ ስፈልገው።

አሁን ወደ ጀሪካኑ። አይሆንም፣ አባባ። ሰው ላይ አይፈስም። ከቁስል የሚወጣው ፈሳሽ ጨው አለው፤ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ደግሞ የኔው ፖሊመር ገና ሳይሞቅ ይነጣል፤ ከዚያ ይጓጉላል። ቁስል ላይ አሸዋ እንደመበተን ነው። ከዚያ የከፋም አለ፤ ስንሠራው ከክሩ ጋር ሳይያያዝ የሚቀር ጥሬ ኬሚካል አለ፣ ነርቭ የሚመርዝ። እናጥበዋለን፤ ግን ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ገና አላረጋገጥኩም። ብልቃጡን በፍጹም እንዳትከፍቱት። አማካሪዬን ዶክተር ሰይፈሥላሴን "ለወንድሜ ነው" ብዬ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሱን ሳውቀው ነው የጠየቅኳቸው። ከአይጥ ይጀመራል፤ ከዚያ ፈቃድ፤ ከዚያ ዓመታት።

ለሚክያስ አይደርስም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው የዘገየሁት። ለእሱ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።

አቢጋኤል


ሀቢቾ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ተናደድኩ። ስሕተት ፈልጌ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አጣሁበት፤ ያኔ ይበልጥ ተናደድኩ። ልክ ነሽ። ስለ ጀሪካኑ ሁለተኛ አላነሳብሽም።

ለሚክያስ ግን አልነገርኩትም። አንቺም አትነግሪውም። ፋሻው ሲነሳ ጣሪያውን እያየ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ይቆጥራል። "ምንድን ነው የምትቆጥረው?" ብዬ ብጠይቀው፣ ወረቀት አስመጥቶ "እስከ ፋሲካ ያለውን ሳምንት" ብሎ ጻፈልኝ። አሁን እኔ ምን ልበለው? ከፋሲካ በኋላ ሌላ ፋሲካ አለ ልበለው?

ያየሽውን እንጂ የተመኘሽውን አትጻፊ ብዬ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ይኸው ራሴ እለምንሻለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተመኘሽውን ጻፊለት። በደሉ በኔ ላይ ይሁን።

የሰፈሩን ወሬ ልንገርሽ። ደህና ወሬ የለም። የጎረቤታችን የአቤሴሎም ሚስት ባለፈው ሳምንት ዐረፈች። ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጃቸው የእናቱን ሞት ሱቁ ውስጥ ቆሞ በፌስቡክ አየው። አንዱ ስድ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ለጥፎት ነው። ማንም ሳይደግፈው፣ ደንበኛ ፊት ወደቀ። አቤሴሎም ከሞቷ ይልቅ በዚህ ነው አንገቱን የደፋው። እኛ ዘንድ መርዶ በወረቀት አይጻፍ፣ በስልክ አይወራ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው፣ ሰው ግራና ቀኝ ይዞሽ ነው የሚነገርሽ። እናትሽ ያረፈች ጊዜ ከአዳሪ ትምህርት ቤት እንዴት አድርገን እንዳመጣንሽ ታስታውሻለሽ። "እናትሽን ትንሽ አሟታል" ነበር ያልንሽ። ውሸት ነው ብለሽ አኩርፈሽኝ ነበር፤ ግን እቅፌ ውስጥ ሆነሽ ነው የሰማሽው።

ብዙ ለፈለፍኩ። ደብዳቤውን ቶሎ ላኪለት።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚኪዬ፣

ቀን ስጪኝ ብለሃል፤ ይኸው ቀን። ለፋሲካ። ዶክተር ሰይፈሥላሴም ይደርሳል ብለዋል። በፔርሙዝ በበረዶ አድርጌ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ ለጁነዲን ሞተር አላምነውም። ያን ቀን ሲስተር ሰብሌ ጎዙን ለመጨረሻ ጊዜ ታነሳለች። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። እንደ ዝናብ ይወርድብሃል፤ ምንም አይሰማህም።

እስከዚያ ብላ። አባባ የሚሠሩት ሾርባ እንደማይበላ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ብላ። ከጓደኞችህ ጋር ስትወራረድ ደግሞ ብልቃጡን መጀመሪያ ለሌላው ስጥ፤ አንተ ቀድመህ ካሞቅከው ሌሎቹ የሚያሸንፉ ይመስላቸዋል።

የምትወድህ እህትህ

(ለአባባ ብቻ፤ ሚክያስ እንዳያየው።)

ይኸው ጻፍኩለት። የእርስዎ ልጅ ሆኜ እንዲህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ጥሩ አድርጌ ዋሸሁ? የዶክተሩን ስም ያስገባሁት እንዲያምነኝ ነው። ካመነኝ ይንገሩኝ፤ ባመነኝ መጠን እንደምጨነቅ ግን ይወቁት።


ሀቢቾ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አቢጋኤል፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አመነሽ። ደብዳቤሽን ትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው፤ ለሚመጣ ሁሉ እያወጣ ያሳያል። ለሲስተር ሰብሌ "ለፋሲካ ከሥራ ትባረሪያለሽ" ብሎ ጻፈላት። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ጓሮ ወጥታ ቆየች።

ሰሞኑን ትኩሳት ይዞታል፤ ትንሽ ነው፤ አትጨነቂ። ሆሳዕና ሆስፒታል አስተኝተውት ነበር። በደንብ ነው የያዙት፤ ራሱ ቤቴ ውሰዱኝ ብሎ አስቸገረ። ያዘዙለት መርፌ ሆሳዕና ስላለቀ ዱራሜ ድረስ ሄጄ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ። ፋርማሲስቱ ይናገራል፣ እኔ አልሰማ፤ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይደነግጣል። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ወረቀት ሰጠችኝና በጽሑፍ ተግባባን። ጥቂት አገኘሁ፤ ለሳምንት ይበቃል ተብያለሁ።

ብልቃጡ አሁን እጁ ውስጥ ገና ሲገባ ነው የሚነጣው። ጓደኞቹ መወራረዱን ትተዋል።

ላንቺ የምጽፍልሽ ሌላ የለኝም። ያዳቀልኩት አቮካዶ አብቧል።

አባትሽ ብዙነህ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። "ትንሽ" የምትለውን ቃል እርስዎ ምን ቦታ ላይ እንደሚያስቀምጧት አውቃለሁ። ሲስተር ሰብሌ ጋ ደወልኩ። "እየተከታተልነው ነው" አለችኝ። ነርስ እንዲህ ስትል ደስ አይለኝም። እሺ ካላለም ተሸክማችሁት ቢሆን ሆስፒታል መልሱት። እባክዎ።

አሁን ደግሞ የምሥራች። ትናንት አዲሱን ቅንብር በጨው ውሃ ሞከርኩት። ብዙ አላዳቀልኩም፣ ትንሽም አላዳቀልኩም፤ ከዚህ በፊት አልፌው ሄጄ የነበረ ልክ ነው። በገላ ሙቀት ነጣ፤ አልተጓጎለም። ሳህኑ ላይ እንደ ስስ ቆዳ ረጋ። ቀዝቃዛ ውሃ ሳፈስበት ሟሙቶ ወረደ፤ ከሥሩ ያነጠፍኩት ጨርቅ ላይ ምንም አልቀረም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሠራ። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ገና ብዙ ይቀረዋል፤ የጥሬው ኬሚካል ነገር አለ፤ አይጡ አለ። ለፋሲካ አይደርስም። ግን ለሚክያስ የዋሸሁት ውሸት ከትናንት ወዲህ ትንሽ ቀለለኝ። ይህን ዜና ለእሱ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ለገና እመጣለሁ።

እስከዚያ አንድ ነገር ልለምንዎት። ሰብሌ ቴርሞሜትሯን ይዛ የምትመጣው በየሁለት ቀኑ ነው። በመካከል ያለው ብልቃጡ ብቻ ነው። በየጠዋቱ ከእንስራው ሥር አውጥተው በእጁ ያስይዙት፤ ቶሎ ነጣ፣ ዘገየ፣ ይጻፉልኝ። ያዩትን፣ አባባ። የተመኙትን አይደለም።

አቢጋኤል


ሀቢቾ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቢጋኤል፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? ዶክተር ሰይፈሥላሴ ደህና ናቸው ወይ? አዲስ አበባ ብርዱ እንደጠና ሰምቻለሁ፤ ጋቢሽን አትርሺ። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። የምሥራችሽ ደስ አሰኝቶኛል። ሦስት ጊዜ መድገምሽም ተገቢ ነው፤ አንድ ጊዜ የሠራ ነገር አልሠራም።

ቤታችን ሰው በዝቷል። የባጃጅ ልጆች በሙሉ ከሆሳዕና መጥተዋል፤ ባጃጆቻቸው እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል። አቤሴሎምም እዚሁ ነው የሚያድረው። ሲስተር ሰብሌ ሥራዋን ትታ ከሴቶቹ ጋር ስታበስል ዋለች። ለገና ነው መቼም።

ሚክያስን ትንሽ አሞታል። ገና እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ቶሎ ነይ። ለጁነዲን ነግሬዋለሁ፤ ቦታ ይይዝልሻል።

ብልቃጡን በየጠዋቱ እንድጽፍልሽ አዝዘሽኛል። ሰኞ ጣቶቹ ሳይዘጉ ነጣ። ማክሰኞም እንደዚሁ። ረቡዕ ጠዋትም ነጣ፤ ያን ቀን እጁ ስለደከመ እኔ ደግፌ ያዝኩለት። በከንፈሩ ደብዳቤሽን ጠየቀኝ፤ አመጣሁለት፤ "ለፋሲካ" የምትለዋን ቦታ በጣቱ ነካት።

ሐሙስ ጠዋት ከእንስራው ሥር አውጥቼ በእጁ አስያዝኩት። ጣቶቹን በጣቶቼ ዘጋሁለት። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሰዎቹ ትከሻዬን ይዘው ሊያስነሱኝ ሞከሩ፤ ተዉኝ አልኳቸው። ፀሐይ መስኮቱ ላይ እስክትደርስ ጠበቅኩ። ብልቃጡን ሳወጣው እንደ ጠራ ነበር።

ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በራሴ እጅ ያዝኩት። ነጣ። ብልቃጡ ደህና ነው።

ነጥቶ ነበር ብዬ ብጽፍልሽ ማን ያውቅብኝ ነበር? ግን ያዩትን ይጻፉ ብለሽኛል።

ነይ ልጄ።

አባትሽ ብዙነህ


በመንገድ ላይ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ይህን የምጽፈው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ቡታጅራን አልፈናል። ጽሑፌ ቢያስቸግርዎት መንገዱ ነው። ሰው ሁሉ ለበዓል ወደ ቤቱ ይሄዳል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እግሮቻቸው የታሰሩ ሁለት ዶሮዎች ይዛለች፤ "አንቺስ ማን ጋ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ። "አባቴና ወንድሜ ጋ" አልኳት። "ደስ ሲል" አለች። ጁነዲን በሌላው ሁሉ ላይ ይጮሃል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዓይኔን አያይም። ሲስተር ሰብሌ ስልኬን ማንሳት ካቆመች ሁለት ቀኗ ነው።

እርስዎ መርዶ አልጻፉልኝም። ለማንም ቢሆን እንዲህ ብዬ እመሰክርልዎታለሁ። ያዩትን ይጻፉ አልኩ፣ ጻፉልኝ። ደብዳቤውን ያነበብኩት ላቦራቶሪው ውስጥ ቆሜ ነው። "በራሴ እጅ ያዝኩት። ነጣ" የምትለው ጋ ስደርስ ቁጭ አልኩ። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ሙከራ አይደለም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ። በዚያች ጠዋትም አልዘለሉትም። እኔ ግን ቢዘሉት፣ ምናልባት ብልቃጡ ነው እያልኩ እስከ ሆሳዕና እመጣ ነበር።

ጭኔ ላይ ፔርሙዝ ይዣለሁ። ውስጡ አዲሱ ነው፣ በጨው ውሃ ያልተጓጎለው። ለምን እንዳመጣሁት አይጠይቁኝ። ዶክተር ሰይፈሥላሴ በር ላይ ተቀብለው ሊያስቀሩብኝ ነበር፤ ከዚያ ራሳቸው በረዶ ሞሉልኝ።

አንድ ጥያቄ ከወራቤ መታጠፊያ ጀምሮ ይዞኛል። ጀሪካኑን ብልክላችሁስ ኖሮ? አውቃለሁ፤ ምርጫው በአሸዋና በመርዝ መካከል ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ አይሆንም ነው የምለው። ቢሆንም ይዞኛል። አይመልሱልኝ። ሌላው፣ ጣቱን ያሳረፈባት ቃል የኔ ውሸት መሆኗ ነው። ይህንንም አይመልሱልኝ።

ጓዜን አውርጄ ሳልጨርስ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ አስይዝዎታለሁ። ሌሎቹ ሳይደርሱብን፣ እዚያው መናኸሪያው ላይ ቆመው ያንብቡት። ሽማግሌዎቹ ነገ ማልደው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ይምጡ። በደንቡ ይንገሩኝ፤ ግራና ቀኝ ይያዙኝ፤ እርስዎም ይቀፉኝ። ሰምታ ነበር ብሎ ማንም እንዳያማዎት እንደ አዲስ እሰማዋለሁ። ያኔ ማስመሰል የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

እስከ ነገ ግን ዛሬ አለ። ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ ሲከቱት "ሚክያስ እንዴት ነው?" ብዬ እጠይቅዎታለሁ። ባይሰሙኝም ከንፈሬን ያዩታል። ደህና ነው ይበሉኝ፣ አባባ። አንድ ጊዜ ብቻ የተመኙትን ይንገሩኝ።

ልጅዎ አቢጋኤል